ዳገት ላይ የሚዝል ቮልስ፦ ጥፋቱ ከእሳት ይሁን ከቤንዚን እንዴት ይለያል?

አዳማ ላይ ቮልስ መንተፋተፍ ሲጀምር የመጀመሪያው ፍርድ የሚወድቀው ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ነው። ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ጉርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቀደዳል፤ መኪናው ብሶበት ይመለሳል። በካርቡሬተር ከሚሳበበው ጥፋት አብዛኛው ግን የእሳት፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ነው። ከቀረውም ብዙው ያለው ከታንኩ እስከ ካርቡሬተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ካርቡሬተር የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው።

እዚህ ያሉት ልኮች ሶሌክስ ካርቡሬተር ላላቸው ባለ 1300፣ 1500 እና 1600 ቮልሶች ናቸው። ቅደም ተከተሉ ለላዳም፣ ለፔጆ 404ም፣ ለቆየ ኮሮላም ይሠራል፤ ልኩን ብቻ ከየራሳቸው መመሪያ ይውሰዱ።

ከመፍታት በፊት መጠየቅ

መኪናው የሚያስቸግረው መቼ ነው? ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ብቻ እየጠፋ መንገድ ላይ ደህና ከሄደ፣ የሚኒሞው ጄት (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ተደፍኗል ወይም ሞተሩ ከካርቡሬተሩ በታች አየር እየሳበ ነው። ሚኒሞው ጥሩ ሆኖ ከዴራ በኋላ ወደ ኢተያ የሚወጣው ዳገት ላይ የሚዝል ከሆነ፣ የሚጠፋው ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ደህና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ የፈላ ቤንዚን፣ ወይም ሲሞቅ የሚሞቱት የብልጭታው ክፍሎች ኮንደንሰርና ኮይል። የሁለቱ ምልክት አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ሰው ለዓመታት ፓምፕ ሲቀያይር ይኖራል።

ቤንዚኑም ይጠየቅ። ማደያ ሲደርቅ በጄሪካን ወይም በሃይላንድ የሚገዛው ቤንዚን ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖረው ይችላል። ጥቂቱን በብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስ ቀድተው ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት፤ ውኃ ካለ ከታች ይዘቅጣል። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ይጣሉ። ንጹህ ቤንዚን ተንኖ ምልክት አይተውም፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባታማ ክብ ይተዋል። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ከተዘለለ ቀጥሎ የሚለካው ሁሉ ያሳስታል።

እሳቱን ማስተካከል

ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት የቫልቮቹን ክፍተት ይለኩ፤ 0.15 ሚሊ ሜትር። የጠበበ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ ጨርሶ አይዘጋም፤ ያኔ ጉልበት ይጠፋል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። በቆዩት ሞተሮች በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር በጥንቃቄ ይዩት፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋሱን መንገድ ስለሚሻማው ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል።

ከዚያ ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ ኮንታክት (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው)፦ 0.4 ሚሊ ሜትር። ፊቱ ተቦርቡሮ ከሆነ መሞረድ ለአንድ ሳምንት ነው፤ ይቀይሩት። ካሙን የሚነካው እግር ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ስለዚህ የእሳቱ ጊዜ የሚስተካከለው ሁልጊዜ ከኮንታክቱ በኋላ ነው። የካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው) ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር። የካንዴላ ሽቦዎቹ ተራ 1-4-3-2 ነው። ባለ 12 ቮልት ኮይል በሁለቱ ትንንሽ ጫፎቹ መካከል በቴስተር ሲለካ ከ3 እስከ 4.5 ኦም አካባቢ ያሳያል። መለካት ያለበት ግን ሲሞቅም ጭምር ነው፤ ቀዝቃዛ ኮይል ብዙ ይዋሻል።

መንገድ ላይ ሲጠፋ፦ የሁለት ደቂቃ ምርመራ

ጥፋቱ የሚያዘው በሚታይበት ሰዓት ነው። ተጎትቶ ጋራዥ እስኪደርስ ሁሉም ነገር ቀዝቅዞ ደህና ይሆናል። ስለዚህ መኪናው እንደጠፋ ወዲያው ዳር ይያዙና የኋላውን ኮፈን ይክፈቱ።

እሳቱን ያስቀድሙ። የቤንዚን ቱቦዎች ሁሉ እንደተዘጉ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን መካከለኛ ሽቦ ይንቀሉ፤ እጀታው በላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ይዘው ጫፉን ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያርቁት። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን (የማስነሻ ሞተሩን) ያዙር። ሰማያዊ፣ ድምፅ ያለው ብልጭታ ከዘለለ እሳት አለ። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ቤንዚኑን ይተዉት፤ ኮንደንሰሩን ይቀይሩ፣ ካልሆነ ኮይሉን። መለዋወጫ ኮንደንሰር ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ዋጋውም ከአንድ ጉተታ ያንሳል።

እሳት ካለ ቁልፉን ያጥፉ፣ የአየር ፊልትሮውን ያንሱና የካርቡሬተሩን የነዳጅ መስጫ ክንድ በእጅ ባንዴ ይክፈቱ። ከቀጭኗ ቱቦ ቤንዚን ተወርውሮ ወደ ጉሮሮው ከገባ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ። ከሁለትና ሦስት ሙከራ በኋላም ምንም ካልወጣ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ጉሮሮው ረጥቦ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።

ቤንዚኑን ከታንኩ ጀምሮ መከተል

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሚሠራው በቀዘቀዘ ሞተር፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብ አስቀምጦ ነው። አጠገብ ቡና የሚፈላበት ከሰል አይኑር። የቮልስ የሞተር ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል።

ታንኩ ያለው ከፊት፣ ፓምፑ ከኋላ ነው፤ በመካከል ረጅም ቀጭን የብረት ቱቦ በወለሉ ውስጥ ያልፋል። ፓምፑ መግቢያ ላይ ያለውን የጎማ ቱቦ ይንቀሉና ጫፉን ወደ ታች ዝቅ አድርገው ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ። ታንኩ ግማሽና ከዚያ በላይ ከሆነ ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ እገዛ ሳያቋርጥ መውረድ አለበት። ከተንጠባጠበ የታንኩን ክዳን ከፍተው ይድገሙት። ክዳኑ ሲከፈት ከፈሰሰ የተዘጋው የታንኩ የአየር መተንፈሻ ነው። ያኔም ካልፈሰሰ የታንኩ ወንፊት ወይም ቱቦው በዝገት ተሞልቷል፤ በኮምፕሬሶር ሲነፉ ግፊቱን ዝቅ አድርገው፣ ከፓምፑ በኩል ወደ ታንኩ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይንፉ። ይህ ለጊዜው ይከፍተዋል። ዝገቱ ግን ተመልሶ ስለሚመጣ ታንኩ ወርዶ መታጠብ ይኖርበታል።

የጎማ ቱቦዎቹን በጣት ያጥፏቸው። ጨርቅ የለበሰው የድሮ ቱቦ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በሚሸጥበት ጊዜ ደግሞ የድሮ ጎማ ቶሎ ያብጣል፣ ይልማል። ከፓምፑ በፊት ያለ ስንጥቅ የሚያሳስተው ለዚህ ነው፦ አያንጠባጥብም፣ ይልቁንም አየር ይስባል። ከፓምፑ በኋላ ያለው ግን በሞቀው ሞተር ላይ ይረጫል። ቱቦውን በሙሉ በአዲስ የነዳጅ ቱቦ መቀየርና በፋሼታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ማሰር ርካሽ ነው። ፊልትሮውን ከዲስትሪቢውተሩ በላይ አይስቀሉት፤ ሲያንጠባጥብ የሚወርደው ብልጭታው ላይ ነው። ከፊት፣ ታንኩ ሥር ቢሆን ይሻላል።

ፓምፑ

መንገዱ ክፍት ከሆነ የካርቡሬተሩን መግቢያ ቱቦ ነቅለው ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ፤ እሳት እንዳይኖር ኮይሉ ላይ ቁጥር 15 የተጻፈበትን ሽቦ ይንቀሉና ጫፉን በቴፕ ይሸፍኑ። ሞተሪኖውን ለ15 ሰከንድ ያዙሩ። ቤንዚኑ በእኩል ምት፣ አረፋ ሳይኖረው መውጣት አለበት። አረፋ ካለው አየር የሚገባው ከፓምፑ በፊት ነው።

ምን ያህል ይበቃል? ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የሚበላ ቮልስ በሰዓት 7.2 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ 120 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ዳገት ላይ ፍላጎቱ ከዚህ በብዙ ይጨምራል። ደህና ፓምፕ በ4000 ዙር በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጣል። ስለዚህ የደከመ ፓምፕ ከተማ ውስጥ አይታወቅም፤ የሚጋለጠው ረጅም ዳገት ላይ ነው። ግፊቱ በመለኪያ ሲታይ ከ0.15 እስከ 0.25 ባር መካከል ይሁን።

ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ ርዝመት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ አልተርኔተር ያላቸው የኋለኞቹ ሞተሮች 100 ሚሊ ሜትር ይጠቀማሉ። ሁለቱ ተለዋውጠው ሲገጠሙ ወይ ፓምፑ አይሠራም፣ ወይ ዘንጉ ይጫነውና ይሰብረዋል። ፓምፑ ወርዶ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ዘንጉ ከፍ ባለበት ቦታ ከመቀመጫው 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ስለሚበዛ ካርቡሬተሩ ይሞላል፤ ከሥሩ ጉርኒሲዮን በመጨመር ይስተካከላል። ከፓምፑ በታች ያለችው ጥቁር የፕላስቲክ መቀመጫም ሙቀት ስለምትከለክል መኖር አለባት። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱ፦ ቤንዚን ከሸተተ የፓምፑ ሽፋን ተቀዶ ወይም ካርቡሬተሩ ሞልቶ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ወርዷል፤ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ።

በዚህ ደረጃ ብዙዎች የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይገጥማሉ። ችግሩ የታንክ ዝገት ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ከሆነ አዲሱ ፓምፕ ይሸፍነዋል እንጂ አይፈውሰውም። ደግሞም ለኢንጄክሽን የተሠራ ባለ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ የካርቡሬተሩን የቤንዚን መግቢያ የሚዘጋውን መርፌ ገፍቶ ቤንዚኑን ሞተሩ ላይ ያፈሳል።

ሙቀቱ

ከፍታው 1600 ሜትር ባለፈ ቦታ ቤንዚን ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ የአዳማ የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት እንፋሎቱ ፓምፑን ባዶ ያስመታዋል። ለማረጋገጥ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ኮይሉን አይንኩ። በደቂቃዎች ውስጥ ከተነሳ የፈላው ቤንዚኑ ነው። መድኃኒቱ ግን ጨርቅ አይደለም። ሞተሩን ዙሪያውን የሚከብበው ጎማ መኖሩን፣ የማቀዝቀዣው ቆርቆሮዎች አለመጉደላቸውንና ቺንጋው (ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ) አለመላላቱን ይዩ። ጎማው ከሌለ ከሲሊንደሮቹና ከማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የሚነሳው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል።

በመጨረሻ ካርቡሬተሩ

ሳይፈቱ በፊት አየር የሚስብበትን ቦታ ይፈልጉ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ በካርቡሬተሩ ሥርና በመግቢያ ቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ውኃ በትንሹ ይርጩ፤ በቤንዚን አይሞክሩት። ድምፁ ከተለወጠ ቦታው ተገኘ። የቫኩም መለኪያ ካለዎት ልብ ይበሉ፦ መጻሕፍቱ ለደህና ሞተር የሚሰጡት ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ለባሕር ጠረፍ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ስለሚቀንስ አዳማ ላይ ከ12 እስከ 15 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። ይህን ሳያውቁ ስንት ሞተር ያለ ጥፋቱ ወርዷል።

ሲፈታ መጀመሪያ የሚታየው የተንሳፋፊው መርፌ ነው። ተንሳፋፊውን ጆሮ አጠገብ ያንቀሳቅሱት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተሰማ ይቀየር። ጄቶቹን በአየር ይንፉ እንጂ በሽቦ አይጎርጉሩ፤ የነሐስ ቀዳዳ አንዴ ከሰፋ ልኩ ጠፍቷል። ጎኑ ላይ ያለው ባለ ሽቦ ሚኒሞ ዘጊ የመኪናው ቁልፍ ሲበራ «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ዝም ካለ ሽቦው ወልቋል ወይም ራሱ ሞቷል፣ መኪናውም ሚኒሞ አይይዝም።

በ30 ፒክት-3 እና በ34 ፒክት-3 የሶሌክስ ካርቡሬተሮች ላይ ሚኒሞ የሚስተካከለው በጎን ባለው ትልቁ ብሎን ነው። የነዳጅ መስጫውን ክንድ የሚገፋውን ብሎን በመጫን አይስተካከል። ትንሹን የድብልቅ ብሎን ቀስ ብለው እስኪነካ ይዝጉና ሁለት ዙር ተኩል ይክፈቱ፤ ከዚያ በትልቁ በደቂቃ 850 ዙር ላይ ያቁሙት።

ዋናው ጄት ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ነው። አዳማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ 8 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ በ34 ፒክት-3 ላይ 127.5 የነበረውን ወደ 122.5 መቀነስ ይህን ያካክሳል። ወደ መተሐራና አዋሽ ዘወትር የሚወርድ መኪና ግን በ125 ይቆይ፤ እዚያ የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀይረው ወደ ኢተያ ዳገት ይውጡ፣ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጥተው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሂዱ። ዳር ይዘው፣ ሚኒሞ ላይ ሳያቆዩ ያጥፉትና ሲቀዘቅዝ አራቱንም ካንዴላ ይንቀሉ። አራቱም ግራጫማ ቡኒ ከሆኑ ጄቱን አይንኩ። አራቱም ደረቅ ጥላሸት ከያዙ ድብልቁ ወፍሯል፤ አራቱም ከነጡ ሳስቷል ወይም ቤንዚን አንሷል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ጥፋቱ የካርቡሬተር ሳይሆን የዚያ ሲሊንደር ነው፦ ቫልቩን፣ ሽቦውን፣ ከዚያም የመግቢያ ቱቦውን ጉርኒሲዮን ይፈትሹ።