ልብ ምቱን ሲስት እንዴት እናውቃለን?

አክስቴ ከዘጌ በጀልባ መጥታ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ነበር። "ልቤ እኮ እንደተያዘ ዓሣ ይንፈራገጣል" አለችኝ። እጇን ይዤ አዳመጥኩ። ፍጥነቱ ብዙም አልነበረም፤ ያስደነገጠኝ አመታቱ ነው። ሁለቱ ቶሎ፣ አንዱ ዘግየት፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ሦስቱ ተደራርበው።

እናንተም ሞክሩት። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አረፍ በሉ። በአውራ ጣት በኩል ያለውን የእጅ አንጓ በሌላኛው እጅ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ጫን አድርጉ። በአውራ ጣት አትለኩ፣ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ይቻላል፤ ምቱ ከተዛባ ግን ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ።

አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ትኩሳት፣ ደም ማነስ፣ ጫት፣ አንዳንዱን ሰው ቡናም ከዚያ በላይ ያስኬደዋል። ስፖርተኛ ከ60 ቢወርድ ችግር የለም፤ ማዞር ካለበት ግን ይታይ።

አንዳንዴ አንድ ምት ቀድሞ ይመጣና ልብ የዘለለ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ድንገት ተነስቶ፣ ከ150 በላይ እኩል እኩል መትቶ፣ ድንገት የሚቆምም አለ፤ ያስፈራል፣ ግን ሕክምና አለው።

እኔን የሚያሳስበኝ የአክስቴ ዓይነቱ ነው፣ ምንም ሥርዓት የሌለው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። የላይኛው የልብ ክፍል በደንብ መጨመቁን ትቶ ይንቀጠቀጣል፣ ደም እዚያ ይተኛና ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በራቸው የተጎዳ ሰዎችና እንቅርታቸው ሆርሞን የሚያበዛባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ከምቱ ጋር ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ እጥረት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። "ነገ ይሻለኛል" አይሠራም።

ሌላው ጣጣ ኢሲጂ፣ የልብን ምት በወረቀት የሚያሳየው ምርመራ፣ የሚያነበው ጥቂት ሰከንድ ብቻ መሆኑ ነው። የአክስቴ በመጀመሪያው ቀን ንጹሕ ወጣ፣ "ጭንቀት ነው" ተብላ ተመለሰች፣ እኔም ተናደድኩ። ስለዚህ የጀመረበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ደቂቃና የቆጠራችሁትን ጻፉ። ሰውነት ላይ ተለጥፎ የልብን ምት 24 ሰዓት የሚቀዳውን መሣሪያ፣ ሆልተርንም ጠይቁ። ምቱን መግለጽ ካቃታችሁ በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ ምቱት።

አክስቴ በሁለተኛው ቀጠሮ እንደዚያ አደረገች። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና አለና፣ "እስቲ ይድገሙት፣ እማማ።"