አይጥ ላይ ሰራ የተባለ የወባ ክትባት ዜና እንዴት ይፈተሻል?

ድሬ (ድሬዳዋ) በ2014 ዓ.ም. በወባ ከተናጠች ወዲህ «አዲስ ክትባት ተገኘ» የሚል ወሬ እዚህ ቶሎ ይዛመታል። ወሬው የዲኤንኤ ክትባት (የተህዋሲውን ጂን ራሱን የሚወጋ) ከሆነና የተሞከረው እንስሳ ላይ ከሆነ፣ ዜናውን ተዉትና ጥናቱን ራሱን ክፈቱ። ማጠቃለያውን ዝለሉት። ጉዱ ያለው አሰራሩን የሚያስረዳው ክፍል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ተህዋሲው የቱ እንደሆነ እዩ። ፋልሲፓረም፣ ማለትም ሰውን ክፉኛ የሚያሳምመው የወባ ተህዋሲ፣ ተራ የላብራቶሪ አይጥን አይዝም። ስለዚህ ቤርጌይ ወይም ዮኤሊ የሚባሉት የአይጥ ወባዎች ናቸው የሚሞከሩት።

ከዚያ ማነጻጸሪያ ቡድኑን ፈልጉ። እነዚያ አይጦች መወጋት ያለባቸው ባዶውን ፕላዝሚድ ነው፣ ማለትም የወባው ጂን የሌለበትን ክብ ዲኤንኤ። ከባክቴሪያ የተገኘ ዲኤንኤ ብቻውንም የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳላ! ጨው ውሃ ብቻ ወግተው ካነጻጸሩ እኔ አላምናቸውም።

ዋናው ጥያቄ ግን አይጦቹን በምን አስያዟቸው የሚለው ነው። ትንኟ ስትነክስ የምትለቀው የተህዋሲው ቅርጽ፣ ስፖሮዞይት፣ መጀመሪያ ጉበት ይገባል፣ እዚያ ከተራባ በኋላ ነው ወደ ደም የሚወጣው። ሲኤስፒ የሚባለው ፕሮቲን የሚሸፍነው ይህንኑ ስፖሮዞይት ነው። እንግዲህ ክትባቱ በሲኤስፒ ጂን ተሰርቶ አይጦቹን ግን የታመመ አይጥ ደም ከወጓቸው፣ በር ላይ ዘብ አቁሞ ሌባውን በጣሪያ እንደማስገባት ነው። ፈተናው ምንም አይነግራችሁም። የደሙን ደረጃ የሚያጠቃ ክትባት ሲሆን ደሙን መውጋት ልክ ነው። በትንኝ ማስነከስ ለእውነተኛው ይቀርባል፣ ግን እያንዳንዷ ስንት እንደለቀቀች አይታወቅም። ስፖሮዞይቱ ደም ስር ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ ይቆጠራል፣ ቆዳን ግን ይዘላል። ለማስነከሱ ብዙ ጊዜ የሚረባው ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ ነው። አዎ፣ ያው እኛ ሮቶና በርሜል ውስጥ የሚፈለፈለው፣ ከ2014ቱ ወረርሽኝ ጋር ስሙ የተነሳው።

ውጤቱ ላይ «አንቲቦዲ ጨመረ» ብቻ ካሉ እለፉት። ደሙ በጊምሳ ተቀልሞ፣ በማይክሮስኮፕ ለሁለት ሳምንት ያህል ተፈልጎ፣ ተህዋሲ መጥፋት አለበት። «ሁሉም ተረፉ» ሲሉም ዝርያውን እዩ፤ ያልተከተበ አይጥ እንኳ በራሱ የሚድንባቸው የዮኤሊ ዝርያዎች አሉ።

ይህን ሁሉ ያለፈ ክትባትም ሰው ጋ ሲደርስ ሊለግም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የሲኤስፒ ዲኤንኤ አይጦችን ከዮኤሊ እንደተከላከለ ተዘገበ። በ1998 የፋልሲፓረሙ አቻ ለ20 ጤነኛ ሰዎች ሲሰጥ ገዳይ ቲ ሴሎች (የተያዙ ሴሎችን የሚገድሉ የመከላከያ ሴሎች) ተቀሰቀሱ፣ አንቲቦዲው ግን አልመጣም። አሁን ህጻናት የሚከተቧቸው አርቲኤስኤስ እና አር21 በፕሮቲን የተሰሩ ናቸው።