ካቪቲን በፕላዝማ ሲያጸዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካቪቲ በቅንጣት አፋጣኝ ማሽን ውስጥ ቅንጣቶችን በሬዲዮ ሞገድ የሚገፋ፣ ሴል የሚባሉ ተከታታይ ክፍሎች ያሉት የኒዮቢየም ብረት አካል ነው።

ፕላዝማ (በሬዲዮ ኃይል የተቀጣጠለ ጋዝ) ሁሉን ያጥባል ብሎ መነሳት። የአብዛኛው ስህተት ሥር ይህ ነው። የፕላዝማው ኦክስጅን የሚያቃጥለው በኒዮቢየሙ ገጽ ላይ የተለጠፈውን ስስ የሃይድሮካርቦን ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲነሳ ኤሌክትሮኖች ከብረቱ ለመውጣት የሚጠይቁት ኃይል ስለሚጨምር ፊልድ ኤሚሽን (በኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኖች ከገጹ መውጣታቸው) ይቀንሳል። የብረት ብናኝ ወይም ጭረት ከሆነ ግን ፕላዝማ ብዙም አይረዳም፤ ካቪቲውን ፈትቶ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ ይሻላል።

ፕላዝማውን ካፕለሩ (የሬዲዮ ኃይል ወደ ካቪቲው የሚገባበት ክፍል) ውስጥ ማቀጣጠል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። በ2 ኬልቪን የካቪቲው የጥራት ቁጥር (ኪው፣ ማለትም ኃይልን ሳያባክን የመያዝ ብቃቱ) 10 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን በክፍል ሙቀት ወደ 10 ሺህ አካባቢ ይወርዳል። ዋናው ካፕለር የተሠራው ለቀዝቃዛው ሁኔታ ስለሆነ በክፍል ሙቀት አብዛኛው ኃይል ተመልሶ ይመጣል። ኃይሉን እየጨመሩ ሲሄዱ የካፕለሩ መስክ ከሴሎቹ መስክ ይበልጥና ፕላዝማው እዚያው ይነሳል፤ ከካፕለሩ የተረጨው መዳብም የካፕለሩን የሴራሚክ መስኮት ይሸፍናል። ምልክቱን ከሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲው ያነባሉ፦ ፕላዝማው ሴል ውስጥ ከተነሳ ፍሪኩዌንሲው በግልጽ ከፍ ይላል። ከፍ ካላለ ወዲያው ኃይሉን ያጥፉ። የአሜሪካው ቤተ ሙከራ ፌርሚላብ ለ1.3 ጊጋኸርዝ ባለ9 ሴል ካቪቲዎች ኃይሉን በከፍተኛ ሞድ ካፕለሮች (ያልተፈለጉ ከፍተኛ ሞገዶችን ከካቪቲው ለማውጣት በተሠሩት) በኩል ማስገባትን የመረጠው እነሱ በክፍል ሙቀት የተሻለ ስለሚያስተላልፉ በትንሽ ኃይል ማቀጣጠል ስለሚቻል ነው።

የትኛው ሴል እንደበራ ሳያረጋግጡ መቀጠል። ሴሎቹ በየተራ ስለሚጸዱ አንዱን ሁለቴ አጽድቶ ሌላውን መዝለል ቀላል ነው። የበርካታ ሞዶችን (ካቪቲው የሚያስተጋባቸውን የሞገድ ዓይነቶች) ፍሪኩዌንሲ ለውጥ ያነጻጽሩ። ካቪቲው ሚዛናዊ ስለሆነ ግን 1ኛውና 9ኛው ሴል ተመሳሳይ ለውጥ ያሳያሉ፤ እነዚህን በሌላ ዘዴ መለየት ግድ ነው።

ኦክስጅን ማብዛት። ኒዮን ዋናው ጋዝ ነው፤ ኦክስጅን ጥቂት በመቶ ይበቃል። ኦክስጅን ኤሌክትሮን ስለሚይዝ ሲበዛ ፕላዝማውን ማቆየት ያስቸግራል።

በሰዓት ብቻ መጨረስ። የጋዝ መተንተኛው ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ መስመሮች ሽቅብ ወጥተው ሲወርዱ ይጠብቁ። ጋዙም ሳያቋርጥ ይፍሰስ፤ ቆሞ ከቀረ የተቃጠለው ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላል።

ሳያሞቁ መጀመር፣ ቸኩሎ መሳብ። ቀዝቃዛ ግድግዳ ጋዙን ራሱን ይይዛል፤ ስለዚህ ሞጁሉ (ካቪቲዎቹን የያዘው ማቀዝቀዣ አካል) መጀመሪያ ክፍል ሙቀት ይድረስ። ፓምፕ ሲደረግም ሆነ ጋዝ ሲገባ በዝግታ ይሁን፤ ፈጣን ፍሰት ከቧንቧው ብናኝ አንስቶ ወደ ሴሎቹ ያስገባል፤ ያንን ደግሞ ፕላዝማ አያወጣውም።