የቀዶ ጥገና ስፔሻሊቲና የሬዚደንሲ ማሰልጠኛ እንዴት ይመረጣል? ለወሎ የሕክምና ተማሪዎች

የሕክምና ተማሪ ቀዶ ጥገናን የሚወድደው ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት ነው። አንጀቱ ተጠማዞ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ ሌሊቱን ተቀዶ ጠዋት «ተመስገን» ሲል ያየ ኢንተርን (በሆስፒታል የተግባር ልምምድ ላይ ያለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ) ልቡ ወደዚያ ቢያደላ አይፈረድበትም። ይሁንና ስፔሻሊቲ፣ ማለትም በሬዚደንሲ (በሆስፒታል እየሠሩ በሚማሩት የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) የሚያዝ የሕክምና ዘርፍ፣ ዕድሜ ልክ የሚኖሩበት ሥራ ስለሆነ መመዘን ያለበት በዚያ ሌሊት ትዝታ ሳይሆን ምንም የተለየ ነገር በማይከሰትበት ተራ ማክሰኞ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ማስታወሻ ደብተር መያዝ ነው። የቀዶ ጥገና አታችመንት (በሆስፒታል ክፍል የሚደረግ የትምህርት ቆይታ) ከሚጀመርበት ቀን አንሥቶ በየክፍሉ የተመላላሽ ቀኑ፣ የዋርድ ዙሩ፣ የኦፕራሲዮን ቀኑና የሌሊት ዲዩቲው ምን እንደሚመስል ይጻፉ፤ ድካም ሳለ እንኳ ያልሰለቸዎትን ለብቻ ያስፍሩ። በደሴ ሆስፒታል የአጠቃላይ ቀዶ ጥገና ተመላላሽ ክፍል አንድ ቀን የቆየ ሰው ከትልልቅ ኦፕራሲዮኖች ይልቅ እንቅርት፣ ቡአ፣ ኪንታሮትና የማይድን የስኳር ሕመም ቁስል እንደሚበዙ ያያል። ቁስል ማጠብ የሚያስመርረው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ኦርቶፔዲክስን የሚያስብ ተማሪ ደግሞ በተለይ አንድ ነገር ልብ ይበል። በአካባቢያችን አጥንቱ የተሰበረ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወጌሻ ነው፤ ወጌሻው ባጠበቀው የቀርከሃ መቃ ደም መዘዋወር አቁሞበት፣ ጣቶቹ ጠቁረው የሚመጣ ሕፃን ያልገጠመው የአጥንት ሐኪም ያለ አይመስለኝም። በዚያን ሰዓት የሚከብደው እጅን መቁረጡ አይደለም፤ መቁረጥ እንደሚያስፈልግ ለአባቱ ማስረዳትና ዘመድ ተሰብስቦ እስኪመክር ድረስ ሰዓቱ እየሄደ መጠበቁ ነው። ይህን ንግግር በትዕግሥት የሚያደርግ ሰው ለሙያው የተፈጠረ ነው፤ ብረት ማሰሩን ማንም ይለምደዋል።

ሁለተኛው እርምጃ ወደፊት ከሚኖሩበት ቦታ ተነሥቶ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የላንሴት ዓለም አቀፍ የቀዶ ጥገና ኮሚሽን ሪፖርት የአንድ ሆስፒታል አቅም የሚለካባቸው ሦስት ሥራዎች ብሎ የለየው በቀዶ ጥገና ማዋለድን፣ ሆድ መክፈትንና ክፍት ስብራት ማከምን ነው። ወልድያ፣ አቀስታ ወይም መካነ ሰላም ተመልሶ ለመሥራት የቆረጠ ሰው አጠቃላይ ቀዶ ጥገና፣ ማሕፀንና ጽንስ ወይም ኦርቶፔዲክስ ቢማር በማግስቱ እጁ ሥራ ያገኛል። የነርቭ ቀዶ ጥገና ግን ሲቲ ስካን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የሠለጠነ የሰመመን ባለሙያ አጠገቡ ካልኖረ ሥራው በሪፈር ወረቀት ይገደባል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወሎ ሆስፒታሎች ብዙ መሣሪያ ማጣታቸውም መዘንጋት የለበትም። ይህ ሁሉ አትማሩት ለማለት አይደለም፤ የነርቭ ቀዶ ጥገና ሬዚደንሲ በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነውና አገሪቱ ገና ብዙ ባለሙያ ትሻለች፤ የ5 ዓመቱን ሥልጠና የሚገባበት ሰው ግን በትልቅ ከተማ ለመኖር አስቦ ይግባ።

ቀጥሎ ማሰልጠኛ ማወዳደር ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ እያሉ በስም ብቻ ከመደርደር ይልቅ ለእያንዳንዱ እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርቡ፦ ሬዚደንቱ ዋናውን ቢላ የሚይዘው በስንተኛው ዓመት ነው? ሌሊት ሲኒየሩ (የበላይ ሐኪሙ) ይመጣል ወይስ በስልክ ብቻ ያዛል? ለአንድ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ስንት ሬዚደንት ይሰለፋል? በደም፣ በኦክስጅን ወይም በአልጋ እጥረት በሳምንት ስንት ቀጠሮ ይሰረዛል? ስመ ጥር ሆኖ ሬዚደንቱ እስከ ሦስተኛ ዓመት መንጠቆ (የተቀደደውን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ብቻ ይዞ የሚቆምበት ቦታ ስሙ ብዙም ከማይጠራና እጅ ከሚያፍታታ ቦታ አይበልጥም።

መልሱን ከክፍል ኃላፊ አይጠብቁ። የመጨረሻ ዓመት ሬዚደንት ከዲዩቲ ሲወጣ ቡና ይጋብዙት፤ በአቦሉ ፕሮግራሙን ያመሰግናል፣ እውነቱን የሚያወጣው በረካው ሲደርስ ነው። የሚያሳይዎት ከሆነ የኦፕራሲዮን መዝገቡን ይመልከቱ፤ ረዳት ሆኖ የገባበትንና ራሱ የሠራውን ለይተው ይቁጠሩ። የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ ማለትም ኮሴክሳ፣ ለፈተና የሚያስቀርበው እንዲህ ያለውን መዝገብ አይቶ ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ ሲሆን፣ ዕውቅና በሰጣቸው ሆስፒታሎች የሚሰጠው የአጠቃላይ ቀዶ ጥገና ሥልጠና 5 ዓመት ስለሚወስድ እንደ ሌላ መንገድ ሊታሰብ ይችላል።

የቀረው የወረቀት ሥራ ነው። የጤና ሚኒስቴር የሬዚደንሲ ማስታወቂያ ሲወጣ ያለፈውን ዓመት ወሬ ትተው የዘንድሮውን መስፈርት ቃል በቃል ያንብቡ፤ የፈተናውን ዝግጅት ለማስታወቂያው ሳምንት አያቆዩት። ስፖንሰር የሚያደርግዎ አካል ከምረቃ በኋላ የት ቦታና ስንት ዓመት እንደሚያስገድድዎ ውሉን ሳይፈርሙ ይወቁ፤ ትዳር ያለው ሰው ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያንብበው። ምርጫዎቹን በቅደም ተከተል ሲሞሉ የሚፈልጉትን ከላይ ያስቀድሙ፤ ቢደርስዎ የማይሄዱበትን ቦታ ግን ቅጹን ለመሙላት ብለው አይጻፉት።