የናቫሆን መርማሪዎች ዱካ ለምትከተሉ፦ መጀመሪያ ሰዓታችሁን አረጋግጡ

አሜሪካዊው ደራሲ ቶኒ ሂለርማን ስለ ናቫሆ (የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ) መርማሪዎች የጻፋቸውን ልብወለዶች አንብባችሁ ቦታዎቹን ልታዩ ከሚሄዱት ከሆናችሁ፣ ቀድሞ የሚያሳስታችሁ ሰዓት ነው። ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ የናቫሆ ምድር ከተቀረው አሪዞና በ1 ሰዓት ይቀድማል፤ በመሀሉ ያለው የሆፒ (የሌላ ቀደምት ሕዝብ) ምድር ግን አይቀድምም። የስልክም ሰዓት ባገኘው አንቴና ይዋልላል። አስጎብኚ ስትይዙ «በናቫሆ ሰዓት?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ሺፕሮክ የተባለው የኒው ሜክሲኮ ዐለት ከሜዳው 480 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል። ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ መውጣት ክልክል ነው፤ ከመንገድ ቁጥር 491 ማየት ይበቃል። ወደ ዐለቱ በሚያስጠጋው ጥርጊያ መንገድ ዝናብ እንደጣለ አትግቡ፦ ሸክላው አፈር የጎማውን ጥርስ ይደፍነዋል፣ ያኔ በ4ቱም ጎማ የሚነዳ መኪና እንኳ ይንሸራተታል። ፀሐይ እስኪያደርቀው መጠበቅ ነው።

ካንየን ደ ሼይ የተባለውን የአሪዞና ገደላማ ሸለቆ ከአፋፉ በራሳችሁ መኪና በነጻ ታያላችሁ፤ ታች ለመውረድ ግን የናቫሆ አስጎብኚ ግድ ነው።