የሰው እንባ ላይ ሎጎ ስንለጥፍ፦ ፎቶ አንሺዎች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካሜራ ይዤ እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ አሥራ ምናምን ዓመት ሆነኝ። ሰርግ፣ ምረቃ፣ ክርስትና፣ አንዳንዴም ልቅሶ አነሳለሁ። ከዚህ በታች ከጻፍኳቸው ስህተቶች ብዙዎቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«አደባባይ ላይ ነው ያነሳሁት» ማለት

ቦሌ ኤርፖርት፣ የመንገደኞች መውጫ ጋ ቆሜያለሁ። የተቀጠርኩት ከአሜሪካ የሚመጡ ሙሽሮችን ላነሳ ነው። በረራቸው ዘገየ። አጠገቤ አንዲት እናት ከአረብ አገር የምትመለስ ልጃቸውን ይጠብቃሉ። ልጅቷ ጋሪዋን እየገፋች ብቅ ስትል እናትየው ሮጡ። ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ወደቀ። እግሯ ሥር ተደፉ። ልጅቷ ልታነሳቸው ጋሪውን ለቀቀችው፤ ጋሪው ብቻውን ተንከባሎ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። እኔ በዚህ መሃል ስድስት ፎቶ አንስቻለሁ።

ማታ አንዱን መረጥኩ። ጥጉ ላይ ሎጎዬንና ስልክ ቁጥሬን ለጥፌ ፔጄ ላይ ጫንኩት። ላይኩ ጎረፈ። በዚያው ሳምንት የሁለት ሰርግ ቀብድ ተቀበልኩ።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ ደወለች። አልጮኸችም። «ወንድሜ፣ እናቴ እኮ በሕይወቷ ራሷን ሳትሸፍን ሰው ፊት ወጥታ አታውቅም» አለችኝ። ሌላም ነገር ነበር። መምጣቷን ለሰፈር ገና አልተናገሩም። ለጉዞዋ ገንዘብ ያበደሯቸው ሰዎች ፎቶውን አይተው በማግስቱ በር አንኳኩ። እኔ የደስታ እንባ ያልኩት ለእነሱ የቤታቸው ገመና ነበር።

ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ሕግ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 27፣ የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ወይም ጉዳዩ በአደባባይ የተደረገ ሲሆን። «ታዲያ ኤርፖርት አደባባይ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይከራከር። ጃንሜዳ ላይ የጥምቀትን ሕዝብ ማንሳትና የአንዲትን እናት ፊት የሰርግ ሥራ ማምጫ ማድረግ አንድ ነው ብሎ ዓይኔን እያየ የሚነግረኝ ፎቶ አንሺ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

የደንበኛን ፎቶ የራስ ማስታወቂያ ማድረግ

ይህንን የፎቶ ቤት መስታወት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት ሙሽራ በቬሎ ትሰቀላለች። ፀሐይ ቀለሟን በልቶ ሰማያዊ እስክትሆን ድረስ እዚያው ትቆማለች። እነሱ ከተፋቱ ቆይቷል። እሷ ሥራ ስትሄድ በዚያ በኩል ላለማለፍ ትዞራለች። ፎቶ አንሺው ደግሞ «ምርጥ ሥራዬ ናት» ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀብድ ስትቀበሉ ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ፎቶዎቹን ለማስታወቂያ ብንጠቀም ይፈቅዳሉ?» እኔ «አዎ» ላለኝ አንድ ትልቅ ፎቶ በነፃ አትምለታለሁ። ፊቱ ሥራ ካመጣልኝ የሆነ ነገር ማግኘት አለበት። አንድ ቀን «አንሱልኝ» ካለ ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ ይነሳል።

እያለቀሰ ያለን ሰው ፈቃድ መጠየቅ

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ራሱን ስለነቀነቀ ፈቀደ ማለት አይደለም። ሳልስቱ ካለፈ በኋላ ጠይቁት።

የልቅሶ ቪዲዮ በራሱ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ፣ ወረቀቱ ስላላለቀ መምጣት ያልቻለ ልጅ የእናቱን ቀብር የሚያየው በዚያ ቪዲዮ ነው። የተከፈለን ለእሱ እንድናደርስ ነው። ነውሩ ያንኑ ቪዲዮ «በጣም የሚያሳዝን ቀብር» ብሎ ዩቲዩብ ላይ ጭኖ የማስታወቂያ ሳንቲም መልቀም ነው።

ስም ሳይጠይቁ መሄድ

እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ በሚባል ቦታ፣ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች። ስሟን ሳትጠይቅ ሄደች። ፎቶው በዓለም ታወቀ። የሴትዮዋ ስም ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኑ የተሰማው በ1978 ነው፣ ከ42 ዓመት በኋላ። ከፎቶው አንድ ሳንቲም እንዳላገኘች ተናገረች። በ1983 ታማ ስትተኛ ልጆቿ ለሕክምናዋ ሕዝቡን እርዳታ ጠየቁ።

ለላንጅም ፍትሐዊ እንሁን። የመንግሥት ደሞዝተኛ ስለነበረች ፎቶው የመንግሥት ነበር፤ እሷም አልሸጠችውም። ዝናው ግን የእሷ ሆነ። ዝና ደግሞ በእኛ ሙያ ብር ነው። ስምና ስልክ ለመጻፍ የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ካሜራውን መክተት ነው ጽድቁ ማለት

ይህም ስህተት ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ባይታይ ኖሮ ዓለም ረሃቡን በዚያ ፍጥነት አይሰማም ነበር። እርዳታ መጥቷል፣ ሰው ተርፏል። ያ ምስል ግን ረሃቡ ካለፈ በኋላም ለዓመታት የኢትዮጵያ መታወቂያ ሆኖ ቀረ። ውጭ የኖረ ሐበሻ «አገራችሁ ረሃብ ነው አይደል?» መባልን በደንብ ያውቀዋል። እኔ ማንሳቱን አልቃወምም። ነፍስ ለማዳን የተነሳ ፎቶ ሥራውን ጨርሶ ሳለ ዝም ብሎ መሸጡን ሲቀጥል ነው የሚከፋኝ።

«አጥፍቼዋለሁ፣ አለቀ» ማለት

የቦሌውን ፎቶ ልጅቷ በደወለች ዕለት አጠፋሁት። በሽማግሌ ወግ እናትየውን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቡና አፈሉልኝ፤ ራሳቸውን ጥብቅ አድርገው በሻሽ አስረው ነበር። ይቅር አሉኝ።

ባለፈው ወር አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ የአየር ትኬት ማስታወቂያ አየሁ። ሎጎዬ ተቆርጧል። ነጠላው አሁንም መሬት ላይ ነው።