ኳስ አፍቃሪ ስለ ተዋናይ ሲከራከር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኛ ሰፈር ባለው ዲኤስቲቪ ቤት ዕረፍት ሲሆን ግማሹ ሰው ሻይ ፍለጋ ይወጣል። ግማሹ ክርክር ይጀምራል። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ኳስ አይደለም። አንዱ ዴንዘል ዋሽንግተንን ያነሳል፣ ሌላው ዲካፕሪዮን። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ እንኳ ከኋላ ወንበር "እሱማ አብቅቶለታል!" የሚል ድምፅ ይሰማል።

ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ኳስ ተመልካች ዓይን አለው። ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደደከመ፣ ማን ከጨዋታው እንደተደበቀ ሳይነግሩት ያውቃል። ወሬው ወደ ፊልም ሲዞር ግን ያን ዓይኑን አይጠቀምበትም። ይሄ ይቆጨኛል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦስካርን እንደ ጎል መቁጠር

"ስንት ኦስካር አለው?" ይባላል። መልሱ "የለውም" ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ጎል መረብ ውስጥ ገብቷል ወይም አልገባም። ኦስካር ግን የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ አባላት የሚሰጡት ድምፅ ነው። ስለዚህ የሚመሳሰለው በድምፅ ከሚሰጠው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ከባሎን ዶር ጋር ነው። ባሎን ዶር ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልተቀበልነው ስንት ነገር አለ? ዌስሊ ስናይደር በ2010 ከኢንተር ጋር ሦስት ዋንጫ በልቶ፣ ሆላንድን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አድርሶ አራተኛ ወጣ። አንድ ጓደኛዬ ይህ ሲነሳ ዛሬም ይንገበገባል። ያው ጓደኛዬ ስለ ተዋናዩ ፒተር ኦቱል ሲወራ "ኦስካር የለውማ" ብሎ ይዘጋዋል። ኦቱል በ2003 የክብር ሽልማት ተሰጠው። በ2007 ለ8ኛ ጊዜ ታጭቶ እንደገና ባዶ እጁን ተመለሰ። ዲካፕሪዮስ? በ2016 እስኪያሸንፍ ድረስ ጎበዝ አልነበረም ማለት ነው?

ደቂቃ መቁጠር

"እሱ እኮ ረዳት ተዋናይ ነው" የሚሉ አሉ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስል። ጁዲ ዴንች በ1999 ኦስካር የወሰደችው ንግሥት ሆና 8 ደቂቃ ያህል ብቻ በታየችበት ፊልም ነው። ያቺን ጥቂት ደቂቃ ያየ ሰው ግን ንግሥቲቱን አይረሳትም።

ይህን ከኳስ አፍቃሪ በላይ ማን ሊረዳው ይችላል? ሪያል ማድሪድ በ2003 ቤካምን ገዛ፣ ከኋላ ሆኖ ኳስ የሚነጥቀውን ማኬሌሌን ሸጠ። ከዚያ በኋላ ሊጉን ለማንሳት እስከ 2007 ጠበቀ። ይህን ታሪክ ሰፈራችን ውስጥ የማያውቅ የለም። የፊልምም ማኬሌሌዎች አሉ። ሌላው እንዲያበራ መሬቱን የሚያስተካክሉለት እነሱ ናቸው።

ነገሩ ካለፈ በኋላ አዋቂ መሆን

ዊል ስሚዝ ማትሪክስን እምቢ ብሎ ዋይልድ ዋይልድ ዌስትን መሥራቱ ሲነሳ ሁሉም ጭንቅላቱን ይይዛል። ሁለቱም በ1999 ወጡ። አንዱ ታሪክ ሆነ፣ ሌላው መዘባበቻ።

ግን ውሳኔው በተወሰነበት ቀን ላይ ቆማችሁ እዩት። የማትሪክስ ዳይሬክተሮች ከዚያ በፊት የሠሩት አንድ ፊልም ብቻ ነበር። ሐሳባቸውን ሲያስረዱት እንዳልገባው ራሱ ስሚዝ ተናግሯል። ዘልለህ አየር ላይ ትቆማለህ ሲሉህ ምን ትላለህ? የሌላኛው ፊልም ዳይሬክተር ደግሞ በ1997 ከእሱ ጋር መን ኢን ብላክን ሠርቶ ዓለምን ያስጨበጨበ ሰው ነው። የሚያውቀውን አሰልጣኝ መረጠ። የተሳሳተ ምርጫ ነበር፣ ግን የሞኝ ምርጫ አልነበረም። ስሚዝ ራሱ ቦታው ለኪያኑ ሪቭስ የተገባ እንደነበር መስክሯል።

"ትንሽ ክለብ ገባ" ማለት

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። አንድ ተዋናይ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ከወሰደ "ወረደ፣ አለቀለት" ይባላል።

ማቲው ማኮናሂን እንይ። ዓመታት ሙሉ ቀላል የፍቅር ኮሜዲ ሲሠራ ኖረ። ደህና ይከፈለው ነበር። አንድ ቀን በቃኝ አለ። ለአንዲት ኮሜዲ 14.5 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት እምቢ ብሏል። ሁለት ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ያለ ሥራ ቤቱ ተቀመጠ። ስልክ የሚደውል ጠፋ። በኋላ ዳላስ ባየርስ ክለብ መጣ። የፊልሙ ጠቅላላ ወጪ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ቀርቦ የነበረው ገንዘብ የዚህን ሙሉ ፊልም ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማኮናሂ ለዚህ ሥራ 20 ኪሎ ያህል ቀነሰ። በ2014 ኦስካሩን ተቀበለ።

መውረድ ይሄ ከሆነ መውጣት ምንድን ነው? ሰውየው የፈለገው የሚሰለፍበት ቦታ ነበር። በትልቅ ክለብ ወንበር ላይ ደመወዝ እየበሉ ከመቀመጥ ትንሽ ክለብ ሄዶ መጫወትን የመረጠን ልጅ "ጎበዝ፣ ወንድ ነው" እንለው የለም?

በቁርጥራጭና በትርጉም መፍረድ

በሃይላይት ብቻ ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። ተዋናይን ግን በቲክቶክ ቁራጭ እንለካዋለን።

የድምፁም ነገር አለ። ቃና በ2016 ከመጣ ጀምሮ ብዙዎቻችን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ለምደናል። "ተዋናዩ ድምፁ ሲያምር!" ሲባል ሰምቻለሁ። ያ ድምፅ የእኛው ሀገር ልጅ ድምፅ ነው፤ ምስጋናውም ለእሱ ይገባል። ድምፅ የትወናው ግማሽ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ለሰማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ፊት ሳይታይ፣ በድምፅ ብቻ ሰዎቹን ቤታችን ድረስ አምጥቷቸዋል።

ክለብን ከትወና ጋር ማደባለቅ

ኢድሪስ ኤልባ አርሰናል፣ ቶም ሃንክስ አስቶን ቪላ ይደግፋሉ። ለትወናቸው የሚጨምርም የሚቀንስም ነገር የለም። የማንችስተር ዩናይትዱ ካንቶናም በ30 ዓመቱ ኳስ አቁሞ ወደ ፊልም ሲገባ የዩናይትድ ደጋፊ በጭብጨባ፣ የሊቨርፑል ደጋፊ በፉጨት መፍረድ የለበትም። ፊልሙን አይቶ ይፍረድ።

የሚናገረውን ብቻ ማየት

ኳስ የያዘውን ብቻ የሚያይ ሰው ጨዋታ አያውቅም እንላለን። ፊልም ላይ ግን ሁላችንም የሚናገረውን ብቻ እናያለን።

ሊጉ ለብሔራዊ ቡድኖች ባረፈበት አንድ ቅዳሜ፣ በስናይደር የሚንገበገበው ጓደኛዬ ቤቴ መጥቶ ፌንስስ የተባለውን ፊልም ሙሉውን አየን። ቫዮላ ዴቪስ በ2017 ኦስካር የወሰደችበት ነው። እሷና ዴንዘል በ2010 ይህንኑ ሥራ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ተጫውተውታል። ባልየው ከሌላ ሴት ልጅ ሊወልድ መሆኑን ጓሮ ውስጥ ይነግራታል። እሷ ታለቅሳለች። አፍንጫዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። ጓደኛዬ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ።

ከዚያ "መልሰው እስቲ" አለኝ። መለስኩት። በሁለተኛው ዙር እሷን አላየም። ዓይኑን የተከለው እየሰማት የቆመው ዴንዘል ላይ ነበር።